የጎጃም የገጠር አጥቢያ፤ ሕንጻውና ኑሮው

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ደብረ ኤልያስ የሚጓዝ መንገደኛ፥ በታረሰው ደጋ መካከል ጥቅጥቅ ያለ የጥድና የወይራ ደን ከሩቅ ባየ ጊዜ፥ በዚያ ውስጥ ታቦት እንዳለ ሳይነግሩት ያውቃል፤ ገበሬው የሜዳውን ዛፍ ለማገዶና ለሞፈር ሲቆርጥ፥ የዐጸዱን ዛፍ ግን በፈሪሃ እግዚአብሔር ጠብቆ ኖሯልና።

ለማነጻጸር ያህል፥ በእንግሊዝ አገር የሰባኪው የጆን ዌስሊ ተከታዮች ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በየመንደሩ የሠሯቸው የሜቶዲስት ጸሎት ቤቶች፥ ሰው ተሰብስቦ ስብከት የሚሰማባቸውና መዝሙር የሚዘምርባቸው አዳራሾች ነበሩ። የጎጃም አጥቢያ ግን አስቀድሞ የታቦት ማደሪያ በመሆኑ፥ ከምእመናኑ ብዙው በዐጸዱ ቆሞ ያስቀድሳል፤ የሕንጻውም አሠራር የመቅደሱን ክብር እንጂ የሕዝቡን ብዛት አይከተልም። ከ16ኛው መቶ ዓመት በኋላ በስፋት የተለመደው ክብ ቤት ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ሲከፈል፥ አራት ማዕዘን በሆነው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥዕል የተሣለበት የጥጥ ሸማ ይለጠፋል። የሣሩ ክዳን አርጅቶ ዝናብ ባስገባ ጊዜ ግን ልስኑ ያብጥና ሸማው ከነሥዕሉ ይላቀቃል፤ እሳትና ጦርነት ካጠፉት ጋር፥ በዚህ መንገድ የጠፋውም ቀላል አይደለም። ቤቱ በየዘመኑ እየፈረሰ የሚታደስ ስለሆነ፥ የአጥቢያን ዕድሜ በግድግዳው መገመት ስሕተት ነው።

ከዚህ ልማድ የወጣችው መርጦ ለማርያም ናት። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ በጥርብ ድንጋይ ያሳነጿት ይህች ቤተ ክርስቲያን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጥላ ነበር፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመንም የካቶሊክ ዠዝዊት ሚስዮናውያን መልሰው ሊሠሯት ሲደክሙ፥ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የቀደመው የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዐወጁ።

ነገር ግን የጎጃምን አጥቢያ ከሁሉ ይልቅ ያስከበረው ሕንጻው ሳይሆን በጥጉ የተተከለው የትምህርት ጉባኤ ነው። ጎንጅና ዋሸራ በቅኔ ስማቸው በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ሲሆን፥ ደብረ ኤልያስ፥ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስም ብዙ ሊቃውንት አፍርተዋል፤ በ1902 ዓ.ም. በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩት በእነዚሁ በሦስቱ ነበር። ደቀ መዝሙሩ በዛፍ ጥላ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቈጥር ይውልና፥ የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስኪሞላ ድረስም እንዲህ ባለ ትጋት ዓመታት ያልፋሉ።

ይህን ሁሉ ያቆመው መሬት ነበር። ካህኑ በሰሞኑ ይቀድስ፥ ደብተራው በማኅሌት ያገለግል፥ ስለ አገልግሎታቸውም የሰሞን መሬት ይይዙ ነበር፤ አገልግሎቱን ያጓደለ ሰው ይዞታውን ሊያጣ ይችል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዐት ስላፈረሰው፥ ካህኑ እንደ ማንኛውም ገበሬ የድርሻውን እያረሰ የሚቀድስ ሆነ፤ የአጥቢያውም ወጪ በሰበካ ጉባኤ አማካይነት በምእመናኑ መዋጮና በስለት ላይ ወደቀ። ባላገሩ ግን ከዚያም በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን ከማነጽና ሣሩን በቆርቆሮ ከመለወጥ አላቋረጠም። ለሕንጻ የሚገኘውን ያህል ለጉባኤው አለመገኘቱ ያሳዝነኛል፤ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ የሚማር ተማሪ ዛሬም አለና፥ ለጕልላትና ለቆርቆሮ ከሚዋጣው ላይ ለመምህሩና ለተማሪዎቹ ቀለብ የሚሆን ድርሻ በየአጥቢያው ተለይቶ ሊመደብ ይገባል እላለሁ።