«ኼደ»፣ የአውድማው ግስ

ቡለን ገበያ ላይ ጆሮ የሰጠ ሰው «ወዴት ትኼዳለኽ?» ሲባባሉ ይሰማል። ከከተማ የመጣ እንግዳ ፈገግ ይላል፤ ባላገሩ «ሄደ» ማለት ያቃተው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀዳሚው «ኼደ» ነው፣ «ሄደ» ኋላ የመጣ ነው።

ፍቺው ለማንም ግልጽ ስለሆነ አልቆይበትም። የሚገርመኝ አመጣጡ ነው። በግእዝ መሄድን የሚናገረው ዋናው ግስ «ሖረ» ነው፤ «ሐዋርያ» የሚለው ስምም የወጣው ከእርሱ ነው። «ኬደ» ግን ረገጠ ማለት ነው። ቅዱሳን የቆሙበትን ስፍራ «በኪደተ እግራቸው የባረኩት» የምንለው በዚሁ ግስ ነው። አማርኛ «ሖረ»ን ተወና የእግሩን ግስ ለመንገዱ ሰጠ፤ ትግርኛም እንዲሁ «ከደ» ይላል። ከዚያ ድምፁ ላላ፤ «ኮነ» ኾነ፣ ቀጥሎም ሆነ፤ «ኵሉ» ኹሉ፣ ቀጥሎም ሁሉ እንደተባለው፣ «ኬደ»ም በ«ኼደ» አልፎ «ሄደ» ሆነ። ፊደሉ ራሱ ይመሰክራል፤ «ኸ» አናቱ ላይ ሰረዝ የተጨመረበት «ከ» ነው እኮ!

መርገጥ የሚለው ፍቺም ቢሆን አልጠፋም። በበሬ እህል ማስረገጥ በግእዝ «አክየደ»፣ በገበሬው አፍ «አኼደ» ነው። አንድ ጥር ከቡለን ወጣ ብሎ ካለ አውድማ ዳር ቆሜ ነበር። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል፤ በሬዎቹ ጤፉ ላይ ይዞራሉ፤ ጎረምሳው ገለባውን በመንሽ ያገላብጣል።

«አያ፣ መቼ ነው ወደ ቤት?» አለ፣ ደክሞት።

«ይችን አኺደን ስንጨርስ እንኼዳለን» አሉት ሽማግሌው።

መርገጡም መንገዱም በአንድ ዓረፍተ ነገር! ሁለቱን ፍቺዎች እንዲህ ጎን ለጎን ከመጽሐፍ አንብቤ አላውቅም፤ የሰማኋቸው እዚያ አውድማ ላይ ነው።

ስለዚህ ልጆች «ኼደ» ሲሉ «አስተካክለህ ተናገር» የሚሉ መምህራን ያሳዝኑኛል። የመማሪያ መጽሐፉ «ሄደ» ብሎ መጻፉ ያግባባል፣ አልቃወመውም። ልጁ ከአያቱ የወረሰውን ቃል ስሕተት ማለት ግን ራሱ ስሕተት ነው። እባካችሁ፣ ተማሪ «ኼደ» ብሎ ከጻፈ በቀይ አትሰርዙበት፤ የ«ኸ»ን አመጣጥ ንገሩት።