ስለ ደም ሥር ካኑላ፤ ጥቅሙ፣ ቁጥሩና አያያዙ

ከንግድ ዕቃዎች መካከል መጠኑ ትንሽ፣ ዋጋውም አነስተኛ ሆኖ ሳለ፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት ሲታጣ ግን የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ዕቃ አለ። ይኸውም የሕክምና ሰዎች ካኑላ የሚሉት፣ በበሽተኛ እጅ ወይም ክንድ ላይ በፕላስተር ተጣብቆ የምናየው ቀጭን ቱቦ ነው። ሕዝቡ «ግሉኮስ ተደረገለት» በሚልበት ጊዜ፣ ፈሳሹ ወደ ደም ሥር የሚገባው በዚሁ ዕቃ አማካይነት ነው። በቦንጋና በአካባቢው ይህን ዕቃ የሚያስመጡ፣ የሚያከፋፍሉና የሚቸረችሩ ነጋዴዎች ስላሉ፣ ጠባዩን ማወቅ ይጠቅማል ብዬ ይህን ጥቂት ማብራሪያ አቅርቤአለሁ።

ካኑላ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የብረት መርፌ ሲሆን፣ ሁለተኛው በመርፌው ላይ እንደ ሰገባ የለበሰ ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። መርፌው የደም ሥሩን ሲያገኝ በስተኋላው ባለው ብርሃን አስተላላፊ ክፍል ውስጥ ደም ይታያል። በዚህ ጊዜ ነርሱ ቱቦውን ወደ ፊት እየገፋ መርፌውን ያወጣል፤ በሰውነት ውስጥ የሚቀረው ለስላሳው ቱቦ ብቻ ነው። ስለዚህም በሽተኛው እጁን ቢያንቀሳቅስ እንደ ብረት መርፌ ሥሩን በቀላሉ አይወጋበትም። አንድ ጊዜ የወጣ መርፌ ግን ወደ ቱቦው ተመልሶ እንዳይገባ በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ቱቦውን ቆርጦ ቁራጩን በደም ሥር ውስጥ ሊያስቀረው ይችላልና።

ፈሳሽን በደም ሥር የመስጠት ሐሳብ ቀደም ያለ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1832 ቶማስ ላታ የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም የኮሌራ በሽተኞችን ጨው ባለበት ውኃ በደም ሥር ረድቶአል። በመርፌ ላይ የሚለበሰውን የፕላስቲክ ቱቦ ግን በ1950 ዴቪድ ማሳ የተባለ የአሜሪካ ሐኪም በማዮ ክሊኒክ አስተዋወቀ። ዛሬ የምንሸጠው ዕቃ የዚያ ልጅ ነው።

በካፋ ዞን ጥቅሙን ለመገንዘብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወባ በሚበዛበት ቆላ፣ በጽኑ ወባ የተያዘ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ አርቴሱኔት የተባለው መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል፤ ይኸውም እንደ ደረሰ፣ ከ12 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። እናት ከወለደች በኋላ ብዙ ደም ሲፈሳት፣ ፈሳሽና ደም በፍጥነት እንዲገባላት ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ሁለት ወፋፍራም ካኑላዎች ያስገቡላታል። ለቀዶ ሕክምናና በተቅማጥ ፈሳሽ ለጨረሰ ሕፃንም እንዲሁ ያስፈልጋል። በቦንጋ የሚገኘውን የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታልን የመሰለ የሕክምና ቤት ሁሉ ይህን ዕቃ ሳይዝ ሊሠራ አይችልም።

ነጋዴው በተለይ ማወቅ የሚገባው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ጌጅ ይባላል፤ አቆጣጠሩም እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው። ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ከባለ 28ቱ እንደሚሳሳ ሁሉ፣ የካኑላም ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቱቦው ይቀጥናል። ቀለሙም በዓለም ስምምነት የተወሰነ ነው፤ 14 ብርቱካናማ፣ 16 ግራጫ፣ 18 አረንጓዴ፣ 20 ሮዝ፣ 22 ሰማያዊ፣ 24 ቢጫ ናቸው። እንደ ፋብሪካው ቢለያይም ባለ 18ቱ በደቂቃ 90 ሚሊ ሊትር ያህል ሲያሳልፍ፣ ባለ 24ቱ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ያሳልፋል። እንግዲህ አንድ ሊትር ፈሳሽ በአንዱ 11 ደቂቃ፣ በሌላው 50 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ደም ለሚፈሳት እናት ቢጫው አይደርስላትም፤ ለጨቅላ ሕፃን ቀጭን ሥር ደግሞ አረንጓዴው አይሆንም።

ይህን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። ቀድሞ በምሠራበት የንግድ ቤት የትእዛዝ ደብዳቤ ስጽፍ «ካኑላ፣ 10 ካርቶን» ብዬ ቁጥሩን ሳልገልጽ ላክሁ። የመጣው ሁሉ አረንጓዴ ነበር። ዋጋው አንድ ነው ብለን ተቀበልን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእኅቴ ሕፃን ልጅ ታመመና ነርሷ ቢጫ ካኑላ ከውጭ ግዙ አለችን። ከእኛ የሚገዛው መድኃኒት ቤት የነበረው እኔ ያዘዝሁት አረንጓዴ ብቻ ነበር። በሌላ ሱቅ የተገኘውንም መጠቅለያው ርሶ ስለ ነበር ነርሷ አልቀበልም አለች። በአራተኛው ሱቅ ተገኘና ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቁጥር የሌለው ትእዛዝ ጽፌ አላውቅም።

ስለሆነም የሚከተለውን ማስታወስ ይገባል። በመጀመሪያ፣ ካኑላ የሕክምና መሣሪያ ስለሆነ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ቁጥጥር አለበት፤ ፈቃድ ሳይኖር እንደ ሌላ ሸቀጥ አይነገድም። ሁለተኛ፣ በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ ቁጥሩ፣ ቀለሙና ብዛቱ ለየብቻ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ፍሬ ከጀርም ነጻ ሆኖ የታሸገ ስለሆነ፣ መጠቅለያው የተቀደደ፣ የረሰ ወይም ጊዜው ያለፈበት አይሸጥ። አራተኛ፣ የካፋ ዝናብና እርጥበት የታወቀ ነውና ካርቶኑ ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈውም ቀድሞ ይውጣ። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል እስከ ቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ዕቃው ተሟጦ ሳያልቅ አስቀድሞ ማዘዝ ነው።

በሽተኛን የሚያስታምሙ አንባብያንም ይህን ልብ ይበሉ። ካኑላው የገባበት ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ካመመ ወይም ከረጠበ ወዲያው ለነርሷ መንገር ይገባል። ሥራው ካበቃም ዝም ብሎ መቆየት የለበትም፤ በዚያ በኩል ተሕዋስያን ወደ ደም ሊገቡ ይችላሉና። የወጣው መርፌ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ወደ መርፌ ማስወገጃው ሣጥን እንጂ ወደ ቆሻሻ ክምር አይጣልም።

የነጋዴ ትርፍ በሒሳብ መዝገብ ይታያል። በአንድ ሌሊት በተገኘ ቢጫ ካኑላ የዳነ ሕፃን ግን በመዝገብ አይጻፍም። ቢሆንም በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ የምትጻፈው አንዲት ቁጥር ለእርሱም የተጻፈች መሆንዋን እናስታውስ።