በድረ ገጽ አድራሻ ስም ውስጥ የጭረት አገልግሎት

1. መነሻ

«ድረ ገጽ» የሚለው ቃል ራሱ በዘመናችን ጽሑፎች ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይታይበታል። አንዱ «ድረ ገጽ» ብሎ ነጥሎ፣ ሌላው «ድረገጽ» ብሎ ገጥሞ፣ ሦስተኛው «ድረ-ገጽ» ብሎ በጭረት አያይዞ ይጽፈዋል። በመጽሐፍ ወይም በጋዜጣ ሦስቱ ቢቀላቀሉ አንባቢው ቅር ይለው ይሆናል እንጂ መልእክቱ አይጠፋበትም። በበይነ መረብ አድራሻ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። አንድ ጭረት የጎደለው ወይም የተጨመረበት አድራሻ ሌላ አድራሻ ነው፤ ባለቤቱም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የኢሜይል አድራሻም ይህንኑ ስም ስለሚከተል፣ በአንድ ጭረት ስሕተት የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ከማይታወቅ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለአማርኛ ስሞች ጭረት መቼ እንደሚያስፈልግ ከቋንቋው ጠባይ ተነሥቶ ማመልከት ነው። ምልክቱን ከነጠላና ከድርብ ሰረዝ ጋር እንዳይምታታ «ጭረት» እለዋለሁ።

2. ደንቡ የሚፈቅደው

በብራና መጻሕፍታችን ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነው፤ በኋላ በኅትመት ባዶ ቦታ ተተክቶለታል። የድረ ገጽ አድራሻ ስም ሁለቱንም አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአሠራር ደንብ ለስሙ የመረጠው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና ጭረትን ብቻ ነው። ጭረቱ በስሙ መጀመሪያም ሆነ መጨረሻ ላይ አይቆምም። በነጥብ የሚለየው እያንዳንዱ ክፍል ከ63 ምልክት አይበልጥም። በትልቅና በትንሽ ፊደል መካከልም ልዩነት ስለሌለ፣ ቃላትን በትልቅ ፊደል መለየት ለዓይን እንጂ ለአድራሻው አይጠቅምም።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካተተ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ላቲን ያልሆኑ ፊደሎች በአድራሻ ስም የሚገቡበት ሥርዓት ወጣ። ይሁን እንጂ ሁለት ነጥብ ከሥርዓተ ነጥብ ስለሚመደብ ወደ ስሙ አይገባም። ስለዚህ መዝጋቢው ፈቅዶ በራሳችን ፊደል ብንጽፍም፣ ቃል የምንለይበት ምልክት ያው ጭረት ብቻ ነው።

3. ቃላት ሲገጠሙ የሚደርሰው

በዚህ ረገድ በእንግሊዝኛ የታወቀው ምሳሌ የኤክስፐርትስ ኤክስቼንጅ ነው። የባለሙያዎች ጥያቄና መልስ የሚስተናገድበት ይህ ድረ ገጽ ሁለቱን ቃላት ሲገጥም ስሙ «የጾታ ለውጥ ባለሙያ» ተብሎ ይነበብ ጀመር፤ ኋላም በመካከላቸው ጭረት አገባ።

አማርኛም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከዚህ አያመልጥም። አንድ ነጋዴ መደብሩን «ልብስ ሀገር» ሊል ቢያስብ እንበል። የ«ስ» እና የ«ሀ» ሁለቱ የላቲን ፊደላት ጎን ለጎን ሲቆሙ «ሽ»ን የምንጽፍባቸው ራሳቸው ናቸውና ስሙ «ልብሽ አገር» ተብሎ ይነበባል። እንደዚሁም «ቤት ሠሪ» ሲገጠም የ«ት» እና የ«ሠ» ፊደላት ተጋጥመው «ጸ»ን ይመስላሉ። በግዕዝ ፊደል ቢጻፉ ግን ሁለቱም አይምታቱም፤ እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዟልና። ቢሆንም ፊደላችንም ከአሻሚነት ፈጽሞ አይድንም። «ወርቅነሽ» ሲገጠም የሴት ስም፣ ሲነጠል ደግሞ ሙገሳ ነው። ባለቅኔ ይህን ይፈልገዋል፤ ለአድራሻ ግን ሰሙ ብቻ ይበቃዋል።

በሌላ በኩል «ቤተ መጻሕፍት»፣ «ሥነ ጽሑፍ»፣ «ድረ ገጽ» የሚሉትን እንመልከት። የመጀመሪያዎቹ ቃላት በግዕዝ የዘርፍ ሥርዓት መጨረሻቸውን ወደ ግዕዝ ድምፅ ለውጠዋል፤ «ቤት» «ቤተ» ሆኗል። ይህ ድምፅ ቀጣዩ ቃል ከዚህ እንደሚያያዝ ይናገራል። ቃላቱ ቢገጠሙም አንባቢ ወሰናቸውን አይስትም። በእኔ አመለካከት ጭረቱ የሚሠራውን ሥራ አናባቢው አስቀድሞ ሠርቶታል። በሳድስ የሚያልቅ ቃል ግን ይህን ምልክት አይሰጥም። ጭረት የሚያስፈልገው በአብዛኛው እዚያ ነው።

4. የጭረት ዋጋ

ጭረት ያለ ዋጋ አይገኝም። አድራሻው በሬዲዮ ወይም በስልክ ሲነገር ጭረቱም አብሮ መነገር አለበት። ሰሚው ይዘለዋል፤ ወይም ከሥር የሚሰመረውን መስመር ይጽፋል፤ ያ ደግሞ በድረ ገጽ ስም አይሠራም። «ጸ»ን በላቲን አንዱ በአንድ፣ ሌላው በሁለት ፊደል በሚጽፍበት ሁኔታ ጭረት ሲጨመር ሊጻፉ የሚችሉት ስሞች ቁጥር እጥፍ ይሆናል። አጭበርባሪዎችም በታወቀ ተቋም ስም ላይ ሌላ ቃል በጭረት ቀጥለው ሰው ስለሚያታልሉ፣ ጭረት የበዛበት ስም ጥርጣሬ ያሳድራል።

5. ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው አራት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በዘርፍ የተያያዙ ቃላት ያለ ጭረት ይገጠሙ። ሁለተኛ፣ ቃላቱ ሲገጠሙ ሌላ ንባብ ካመጡ በቅድሚያ ሌላ ቃል ይፈለግ፤ ካልተገኘ አንድ ጭረት ብቻ ይግባ። ሦስተኛ፣ እንደ ኮካ-ኮላ በስሙ ጭረት ያለው ድርጅት ጭረቱን ቢይዝ የተገባ ነው። አራተኛ፣ ጭረት ያለውን የመረጠ ሁሉ ጭረት የሌለውንም ያስመዝግብና ወደ አንድ ገጽ ይምራው። ስሙ ከመመዝገቡ በፊት ለአንድ ሰው ጽፎ ማስነበብ፣ ለሌላው ደግሞ በቃል ነግሮ ማስጻፍ ይገባል። ሁለቱ ከተስማሙ ስሙ ለአድራሻነት በቅቷል።