ቀላል የእግር ሕመሞችን በቤት ውስጥ በሚደረግ እንክብካቤ ማስታገስ ይቻላል

እግርን በየዕለቱ በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ በሚገባ ማድረቅና ጫማ ማድረግ የተረከዝ ንቃቃትን፣ በጣቶች መካከል የሚወጣ ፈንገስንና ሙጃሌን ለመከላከል እንደሚረዳ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ።

ንቃቃት የሚከሰተው በአብዛኛው የተረከዝ ቆዳ ደርቆ ሲወፍር ነው። ማታ እግርን ለብ ባለ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፎ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባትና ንጹህ ካልሲ አጥልቆ መተኛት ቆዳውን ያለሰልሳል። የወፈረውን ቆዳ በምላጭ መቁረጥ ግን ለቁስል ይዳርጋል።

ፈንገስ በአንጻሩ እርጥበትና ሙቀት ይስማማዋል። በመሆኑም በጣቶች መካከል ያለውን ቦታ ማድረቅ፣ ካልሲን በየዕለቱ መቀየርና ጫማን ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። ቫዝሊን በጣቶች መካከል መቀባት እርጥበቱን ስለሚያባብስ አይመከርም። ማሳከኩና መላላጡ ካልቆመ ከፋርማሲ የፀረ ፈንገስ ቅባት መጠቀም ይቻላል።

ሙጃሌ በአቧራማ ወለል ላይ የምትኖርና ቆዳ ውስጥ የምትቀበር የቁንጫ ዝርያ ናት። በየቤቱ በመርፌ ወይም በእሾህ የማውጣት ልማድ ያለ ሲሆን፣ ንጹህ ያልሆነ ስለት መንጋጋ ቆልፍን ጨምሮ ለሌሎች በሽታዎች ያጋልጣል። መርፌው በፈላ ውኃ የተቀቀለና ለአንድ ሰው ብቻ የሚውል መሆን ይኖርበታል፤ ቁስሉም ወዲያው በሳሙና መታጠብ አለበት።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በቀይ አፈር ላይ ለረጅም ጊዜ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የዝሆኔ ዓይነት ላለባቸው ሰዎች ይህ እንክብካቤ ይበልጥ ወሳኝ ነው። በተሰነጠቀ ቆዳ የሚገቡ ተህዋስያን ትኩሳትና ብርቱ ሕመም በማስከተል ሰውየውን ከሥራ ያውሉታል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግን ያካተተ እንክብካቤ ያገኙ ሕሙማን ካላገኙት ይልቅ ሕመሙ የሚነሳባቸው በ19 በመቶ ባነሰ ሁኔታ መሆኑን አረጋግጧል።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች የእግር ስሜታቸው ሊቀንስ ስለሚችል ትንሿን ቁስል እንኳ በቤት ውስጥ ማከም አይኖርባቸውም። እግራቸውን በየዕለቱ መመርመርና የውኃውን ሙቀት አስቀድመው በክርን መለካት ይገባቸዋል።

መግል የያዘ፣ ያበጠ፣ መቅላቱ የሚስፋፋ ወይም ትኩሳት ያስከተለ ቁስል ያለበት ማንኛውም ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚኖርበት ባለሙያዎች ያሳስባሉ።