ተጨማሪ መረጃ፦ ጨው የሚያስወጣ ዛፍ

ዕፅዋት ውኃን በሥሮቻቸው እንደሚስቡ ተምራችኋል። ውኃው የባሕር ከሆነስ? በዱባይ ራስ አል ኾር፣ በአጅማን አል ዞራ እና በሻርጃ ኾር ከልባ የሚበቅለው ማንግሮቭ ለዚህ መልስ አለው። ማንግሮቭ ማለት የባሕር ውኃ በሚሞላበትና በሚሸሽበት ዳርቻ የሚያድግ ዛፍ ነው። የእነዚህ ቦታዎች ዝርያ አብዛኛውን ጨው ሥሩ ላይ ያስቀራል፤ ያለፈውን በቅጠሉ ያስወጣዋል። አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ስለሚኖርም እንደ እርሳስ ቀጥ ያሉ የመተንፈሻ ሥሮችን ወደ ላይ ያበቅላል።

ይህን በሥዕል ማየት ይበቃል የሚሉ አሉ። ሥዕል ግን የዛፉን ቅርጽ እንጂ፣ ውኃው ሲሸሽ ሥሮቹ ቀስ በቀስ ሲገለጡ አያሳይም፤ ትምህርቱ ደግሞ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሙቀቱን የሚፈሩ ወላጆች እውነት አላቸው፤ ስለዚህ ወደ ቦታው የሚደረገው ጉዞ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በማለዳና ከአስጎብኚ ጋር ቢሆን ይመረጣል። አስጎብኚው እናንተን ብቻ ሳይሆን ሥፍራውንም ይጠብቃል፤ የመተንፈሻ ሥር ሲረገጥ ይሰበራል፣ ፍላሚንጎ የተባሉት ወፎችም ሰው ሲጠጋቸው መመገባቸውን ያቋርጣሉ። ራስ አል ኾር ውስጥ ጎብኚዎች ወፎቹን ከመመልከቻ ጎጆ ሆነው የሚያዩትም ለዚህ ነው።

ከመምህራችሁ ጋር አል ዞራን ስትጎበኙ ቅጠሉን ሳትቀጥፉ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። ነጭ ቅንጣቶች ይታያሉ? በየትኛው ገጹ ላይ ይበዛሉ?