መድኃኒት የተላመደው ሳልሞኔላና የሰቆጣ ቃል

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት በሰቆጣ ስም አንድ ቃል ገባ፦ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየው መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. እንዲያበቃ። ከዚያ ወዲህ የሰቆጣ ቃል ኪዳን በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ስለ እንቁላልና ወተት፣ ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ውኃ ነው። ተገቢ ነው። ተቅማጥ የሚመላለስበት ሕፃን ግን እንቁላሉን ቢበላም አካል አይሆነውም። ከተቅማጥ አምጪዎቹ አንዱ ሳልሞኔላ ነው፤ መድኃኒት የተላመደው የኢትዮጵያ ሳልሞኔላ ደግሞ ጎልቶ የታወቀው ሰቆጣ ካለችበት ከዋግ ኽምራ ርቆ፣ በባዕድ ሀገር ሆስፒታሎች ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የተወሰዱ ሕፃናት ሳልሞኔላ ኮንኮርድ የተባለ ዝርያ ተገኘባቸው። አብዛኛው ብዙ መድኃኒት የተላመደ ነበር፤ ሐኪሞች ለከባድ ሕመም የሚተማመኑባቸውን እንደ ሴፍትሪያክሶን ያሉትን ጨምሮ። በአዲስ አበባና በጅማ ሕፃናት ሲመረመሩም ያው ኮንኮርድ ተገኘ። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ልጆቻችን የተሸከሙት ጀርም ለዓለም የታወቀው ናሙናቸው በወጉ የሚመረመርበት ሀገር ሲደርሱ መሆኑ ነው። እዚሁ የቀሩት እኩዮቻቸው ስንቶቹ በግምት ታክመው ይሆን?

ሳልሞኔላ በሥጋም ይተላለፋል፤ በዚህ በኩል ያለው ማስረጃም የቆየ ነው። በደብረ ዘይት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎች በቄራና በሥጋ መሸጫዎች ሳልሞኔላን መከታተል ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እንድርያስ ዘውዱና ኮርኔሊየስ ፖፕ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በአዲስ አበባ ከምግብና ከምግብ ሠራተኞች ከተገኙ 98 የሳልሞኔላ ጀርሞች 32ቱ ቢያንስ አንድ መድኃኒት የተላመዱ ነበሩ። በብዛት የታየው መላመድ ለስትሬፕቶማይሲን፣ ለአምፒሲሊንና ለቴትራሳይክሊን ነው። ከዶሮ ሥጋ የተገኙት ብሰው ነበር፤ ከ29ኙ 18ቱ።

ወደ ሰቆጣ አካባቢ ስንመለስ፣ የአበርገሌ ፍየል ለዋግ ሰው ሀብትም ምግብም ነው። የእንስሳት ሐኪም በማይደርስበት ቀበሌ ፍየሉ ሲታመም ባለቤቱ ከገበያ ያገኘውን መድኃኒት በግምት ይሰጠዋል፤ ትንሽ ሲያገግም ያቋርጠዋል፤ ካልዳነለት ሳይሞት ያርደዋል ወይም ይሸጠዋል። ከመድኃኒቱ የተረፉት ጀርሞች ይራባሉ። ገበሬውን ለመውቀስ አፌን አልከፍትም፤ ጦርነትና ድርቅ ተደራርበው ላለፉበት ሰው የሞተችውን ፍየል የሚተካለት የለም። የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728ም በ2004 ዓ.ም. ወጥቷል። ለበዓል ጓሮ ውስጥ የሚታረደው ፍየልና ለቅርጫ የሚጣለው በሬ ግን ከተቆጣጣሪ ዓይን ውጭ ናቸው።

መድኃኒት የተላመደ ሳልሞኔላ እሳትን አልተላመደም፤ በደንብ የበሰለ ወጥ ውስጥ ይሞታል። ሎሚና ሚጥሚጣ የእሳትን ሥራ አይሠሩም፤ ቋንጣም መድረቁ ብቻ ዋስትና አይሆነውም። ብዙ ጊዜ አደጋው ያለው ከድስቱ ውጭ ነው፦ ሥጋ የከተፈ ቢላዋ ሳይታጠብ ሰላጣ ሲከትፍ፣ ጨጓራ ያጠበ እጅ ሕፃን ሲያጎርስ። ውኃ ከሩቅ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤት «በሳሙና ታጠቡ» ማለት ደግሞ ቀላል ምክር አይደለም።

ቀላል የሳልሞኔላ ተቅማጥ በአብዛኛው ኦአርኤስና ዚንክ እንጂ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ አንቲባዮቲኩ ጀርሙ ደም ውስጥ ለገባበት ሕፃን መቆየት አለበት። የቃል ኪዳኑ አፈጻጸም ሲገመገም የሕፃናቱን ቁመትና ክብደት መለካት ብቻ አይበቃም። ከተቅማጥ ሕሙማንም ከሰቆጣ ሥጋ ቤቶችም ናሙና በቋሚነት ይወሰድ፤ ውጤቱን የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አብረው ይዩት፤ ለዚህም በቃል ኪዳኑ በጀት ውስጥ ገንዘብ ይመደብለት።