ለትምህርት የሚሰጥ አስከሬን፦ ፈቃጁ ማን ነው?

በእንግሊዝ አገር አስከሬን ለአናቶሚ ትምህርት መዋሉ በሕግ የጸናው እንደ ቅጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1752 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የተሰቀለ ነፍሰ ገዳይ ሐኪሞች ሳይሰነጥቁት ወይም በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሳይታይ እንዳይቀበር ከለከለ። ዓላማው በሞት ላይ ውርደት መጨመር ነበር።

የተሰቀሉት ብቻ ለተማሪው ስላልበቁ መቃብር መዝረፍ መተዳደሪያ ሆነ። ሬሳ በሕግ የማንም ንብረት ስላልነበረ ዘራፊዎቹ በስርቆት እንዳይከሰሱ ከፈኑን መቃብሩ ውስጥ ጥለው ይሄዱ ነበር። በ1828 ኤድንብራ ውስጥ ዊልያም በርክና ዊልያም ሄር መቃብር ከመቆፈር ይልቅ 16 ሰው ገደሉ፤ አስከሬኖቹንም ለአናቶሚ መምህሩ ለሮበርት ኖክስ ሸጡ። በርክ ተሰቀለ፤ እሱም በተራው ተሰንጥቆ መማሪያ ሆነ፤ አጽሙ ዛሬም በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ አለ።

የ1832ቱ የአናቶሚ ሕግ ንግዱን አደረቀው፤ ሸክሙን ግን ወደ ድሃው አዞረው። ሟች በሕይወቱ ካልተቃወመ፣ አስከሬኑ በእጁ ያለ አካል ለትምህርት መስጠት ይችል ነበር። ብዙውን ጊዜ ይህ አካል ጠያቂ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች የሚሞቱበት የድሆች መጠለያ ነው። የነፍሰ ገዳይ ቅጣት የነበረው የድሃ ዕጣ ሆነ። በዚያው ዓመት የሞተው ፈላስፋ ጀርሚ ቤንታም ግን ገላውን በኑዛዜ ሰጥቶ ነበር፤ ልብሱን የለበሰው አጽሙ ለንደን ውስጥ ለእይታ ተቀምጧል።

የ1961ዱ ሕግም ያተኮረው ተቃዋሚ አለመኖሩን በማረጋገጥ ላይ ነበር። የዚህ ክፍተት በ2001 በይፋ ወጣ፤ በሊቨርፑል አልደር ሄይ የሕፃናት ሆስፒታል የሞቱ ልጆች የውስጥ አካላት ወላጆች ሳያውቁ ተወስደው መከማቸታቸውን አጣሪ ቡድን ይፋ አደረገ። አንዳንዶቹ ወላጆች ልጃቸውን ቀብረው ካበቁ በኋላ የቀረውን አካል ለመቅበር ተመልሰው መሄድ ነበረባቸው።

ለእንግሊዝ፣ ለዌልስና ለሰሜን አየርላንድ በ2004 የወጣው ሕግ መሠረቱን ፈቃድ አደረገ። ለአናቶሚ ትምህርት የሚሰጠው ፈቃድ ሟቹ በሕይወት ሳለ፣ በጽሑፍና በምስክር ፊት የሰጠው መሆን አለበት፤ ቤተሰብ በእሱ ፋንታ ሊፈርም አይችልም። በ2020 እንግሊዝ ለንቅለ ተከላ ያልተቃወመን አዋቂ እንደ ፈቀደ መቁጠር ብትጀምርም፣ አናቶሚን አልነካችም። ያለ ፈቃድ አካል ወይም ህብረ ሕዋስ መጠቀም እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል።

ፈቃዱ ግን ተቀባዩን አያስገድድም። የአስከሬን ምርመራ የተደረገበትን ወይም ተላላፊ በሽታ ያለበትን ገላ ትምህርት ቤቱ ሊመልስ ይችላል፤ ያኔ ቀብሩ የቤተሰብ ነው፤ ለጋሹም ይህን አስቀድሞ ለቤተሰቡ እንዲነግር ይመከራል።